ባለ ሁለት ዲስኩ ሳጥን፦ ናስ ምን ያድናል? ምን አያድንም?

ስልኩ «ቦታ የለም» ይላል፤ ላፕቶፑም ሞልቷል። የልጆቹ ፎቶ ግማሹ ቴሌግራም ላይ፣ ግማሹ መሳቢያ ውስጥ በተረሳ ፍላሽ ላይ ነው። የሰርጉ ቪዲዮ ያለበት ኤክስተርናል ደግሞ ማን ጋ እንደቀረ አይታወቅም። ይህን የተበታተነ ንብረት አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ሲታሰብ ስሙ የሚነሳው መሣሪያ ናስ ይባላል። ከብረቱ ናስ ጋር ዝምድና የለውም፤ «ኔትወርክ አታችድ ስቶሬጅ» የሚለው ስም ሲያጥር ነው። ሻጭ ሲያስተዋውቀው «ይህን ከገዙ ፋይልዎ አይጠፋም» ይላል። አባባሉ የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት አደጋ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሲሞት። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ፋይል የሚያጠፋው በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው፦ የመብራት መቆራረጥ፣ ሌባ፣ ቫይረስ፣ የባለቤቱ የገዛ እጅ።

ከኤክስተርናል ዲስክ በምን ይለያል?

ኤክስተርናል ዲስክ ጀሪካን ነው። ውሃው ያለው ጀሪካኑ ባለበት ነው፤ አንዱ ሲወስደው ሌላው ይጠማል፤ ከወደቀም ይፈስሳል። ናስ ደግሞ ቦኖ ነው። አንድ ቦታ ተተክሎ ይቆማል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በየራሱ ዕቃ ይቀዳል።

ሳጥኑ ሲከፈት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ማራገቢያ፣ የዲስክ ማስገቢያ ቦታዎች፣ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ። ስክሪንና ኪቦርድ የለውም። በኬብል ከራውተሩ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሁሉ በፓስወርድ ገብቶ ፋይል ያስቀምጥበታል፣ ያወጣበታል። ሥራው በቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሆነ የኢንተርኔቱ ጥቅል ቢያልቅም፣ መስመሩ ቢቋረጥም ቪዲዮው ይከፈታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ናስ ለመሥራት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዳታም አይበላም።

ክላውድ እያለ ለምን?

ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየወሩ በውጭ ገንዘብ ይከፈላል፤ ለዚያ የሚሆን ካርድ ያለው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። 1 ቴራባይት ቪዲዮ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ 18 ቀን ከግማሽ ይፈጃል። ያው 1 ቴራባይት ቤት ውስጥ በጥሩ ኬብል ወደ ናስ ሲገለበጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቴሌግራምን እንደ መጋዘን የሚጠቀሙም አሉ። ይሁን እንጂ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፤ በፋይል መልክ ሲላክ ደግሞ ክፍያ ለማይከፍል ሰው ጣሪያው በአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ነው።

ይህ ሲባል ናስ ለሁሉም ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ብቻውን ለሚኖርና ፋይሉ ከ500 ጊጋባይት ለማያልፍ ሰው ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይበቃዋል፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ጋ። ናስ ዋጋውን የሚያወጣው ተጠቃሚው ከሁለት በላይ ሲሆን ነው፤ ወይም ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች እንደ አንዱ፣ በየሳምንቱ የሰርግ ቪዲዮ በመቶ ጊጋባይት እየተቆጠረ ሲገባ።

ዲስክ ሲገዛ ምን ይታይ?

ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ ባዶውን ይሸጣል፣ ዲስኩ ለብቻው ይገዛል። ካርቶኑ ላይ 4 ቴራባይት ተብሎ ዊንዶውስ ላይ 3.6 ገደማ ሲነበብ የተጭበረበሩ የሚመስላቸው አሉ። ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ ቴራባይትን በአንድ ትሪሊዮን ባይት ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያባዛ ነው የሚቆጥረው፤ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል።

የበለጠ የሚያሳስበው ዲስኩ ውስጡ እንዴት እንደሚጽፍ ነው። ሲኤምአር የሚባለው ዓይነት መስመሮቹን ጎን ለጎን ይጽፋል። ኤስኤምአር የሚባለው ቦታ ለመቆጠብ ሲል መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን ባንዱ ላይ ያነባብራል። ከታች ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር ከላይ ያሉትን ማንሳት ግድ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ኤስኤምአርም አንዷን መስመር ለመለወጥ ጎረቤቶቿን እንደገና መጻፍ አለበት። ለመደበኛ ማከማቻ ችግር የለውም። ናስ ውስጥ የሞተ ዲስክ ተተክቶ ይዘቱ እንደገና ሲገለበጥ ግን ሥራው ለቀናት ይጎተታል፣ አንዳንዴም ሳጥኑ ታግሦ ስለማይጠብቅ ጤነኛውን ዲስክ «ተበላሽቷል» ብሎ ያስወጣዋል። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ የሚሸጣቸው አንዳንድ የ«ሬድ» ዲስኮች ሳይነገር ኤስኤምአር መሆናቸው ታውቆ ትልቅ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሲኤምአሮቹን «ሬድ ፕላስ» ብሎ ለያቸው። የሲጌት «አይረንዎልፍ» ዲስኮችም ሲኤምአር ናቸው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አይተው ዓይነቱን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ያገለገለ ዲስክ አዲስ ፕላስቲክ ለብሶ ሊያጋጥም ይችላል። ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ያንብቡ። አዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ያሳያል፤ 8,760 ካለ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በልዩ መሣሪያ ሊደመሰስ መቻሉ እውነት ነው፤ ስለዚህ የመጠምዘዣ ጭረትና የተነካካ መሰኪያም ይታይ። ለደህንነት ካሜራ የተሠሩት ዲስኮች በቀላሉ ይገኛሉ፤ ናስ ላይም ይሠራሉ፣ ነገር ግን የተቃኙት ያለማቋረጥ ለሚጻፍ ቪዲዮ ስለሆነ ሁለተኛ ምርጫ ይሁኑ።

ከፍታችንም ጉዳይ አለው። የዲስክ ማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ አምራቾች አየር ለሚያስገቡ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ የ3,048 ሜትር ጣሪያ ያስቀምጣሉ። አዲስ አበባ በአማካይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች ከገደቡ በታች ናት። (እንጦጦ አናት ላይ ቤት ያለው ሰው በሂሊየም የታሸገ ዲስክ ቢፈልግ ይሻለዋል።) አየራችን ከባህር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያውም በዚያው ልክ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ያንሳል። ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ መዝጋት ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መወሸቅ እዚህ ከሌላው አገር ይበልጥ ይጎዳል። በየጎኑ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉለት።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ ነው። ለባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን የሚመከረው ሬይድ 1 ሲሆን፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋል፤ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ተገዝቶ የሚገኘው ቦታ 4 ብቻ ነው። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል፤ ከሦስት ባለ 4 ቴራባይት 8 ይሰጣል፣ የአንድ ዲስክ ሞትም ይችላል። ሬይድ 0 ፍጥነትና ቦታ ይጨምራል፤ ግን አንዱ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ለቤት አይሆንም።

ሬይድ 1ን በካርቦን ወረቀት እንደሚጻፍ ደረሰኝ ያስቡት። ላይኛው ቅጠል ቢቀደድ ታችኛው ይቀራል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ላይኛው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሲጻፍ ግን ታችኛውም ላይ ያው ስህተት በዚያው ቅጽበት ይሰፍራል። ልጅዎ የፎቶውን ፎልደር ቢሰርዝ ከሁለቱም ዲስኮች አብሮ ይሰረዛል። ቫይረስ ቢቆልፈው ሁለቱም ይቆለፋሉ። ሌባ ጥራዙን ሲወስድ ደግሞ ሁለቱንም ቅጠል ይዞ ነው የሚሄደው። ባክአፕ የሚባለው ፎቶ ኮፒው ነው፤ ማለትም የቤት ካርታ ተባዝቶ እህት ቤት እንደሚቀመጠው፣ ሌላ ቦታ ያለና የዛሬ ስህተት የማይደርስበት ቅጂ።

ስለዚህ ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ባለ አራት ዲስኩን ሳጥን ትተው ባለ ሁለቱን ይግዙና በተረፈው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) እና አንድ ኤክስተርናል ይጨምሩ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ምጣድ ላይ ሊጥ ዞሮ ሳይበስል መብራት ከጠፋ እንጀራው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። መብራቱ ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥልም። ዲስክም እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት እንዲሁ ነው። ናስ ለፍጥነት ሲል የተቀበለውን ፋይል ጥቂት ሰከንድ ራም ላይ አቆይቶ ነው ዲስክ ላይ የሚያሰፍረው። ኮምፒውተሩ «ተገልብጧል» ብሎ ሳለ መብራት በዚያች ቅጽበት ከሄደ ራም ላይ የነበረው የለም። ከዚህ የሚከፋው የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው ማውጫ በእኩሌታው ሲቋረጥ ነው። የዛሬዎቹ ሳጥኖች ከዚህ የሚያገግሙበት መንገድ አላቸው፤ አንዴ ሁለቴ ይተርፋሉ። በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን አንድ ቀን አይነሡም።

ስታብላይዘር አለኝ ብለው የሚዘናጉ አሉ። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ ያም ሆኖ ማንኛውም ዩፒኤስ አይደለም። ከጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ገመድ ከናሱ ጋር ሲገናኝ «መብራት ጠፍቷል፣ በባትሪ ነኝ» ብሎ ይነግረዋል፤ ናሱም ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይተኛል። ገመዱ ከሌለ ዩፒኤሱ የሚያደርገው ድንገተኛ መጥፋቱን ለግማሽ ሰዓት ማዘግየት ብቻ ነው። ሞዴሉ የናሱ አምራች ድረ ገጽ ላይ ባለው የሚስማሙ ዩፒኤሶች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይዩ።

መጠኑ ብዙ አይደለም። ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ሲሠራ ከ15 እስከ 20 ዋት፣ ራውተር 10 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በወር ናሱ ብቻ ከ11 እስከ 14 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው አዲስ ሳለ ሁለቱን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይይዛቸዋል። ግን እስኪሟጠጥ አይጠብቁ፤ ሴቲንጉ ላይ «ከ5 ደቂቃ በኋላ ዝጋ» ብለው ይሙሉ። ባትሪው ሲሟጠጥ ተዘግቶ፣ መብራት መጥቶ ሳይሞላ ደግሞ ቢሄድ መያዣ አይኖረውምና። ራውተሩም ዩፒኤሱ ላይ ይሁን። አንዳንድ ዩፒኤሶች ላይ ከመሰኪያዎቹ ግማሾቹ ባትሪ የላቸውም፣ ከቮልቴጅ ግፊት ብቻ ነው የሚከላከሉት፤ ጽሑፉን አንብበው ይሰኩ። ሌዘር ፕሪንተር ባትሪ ባለው መሰኪያ ላይ በፍጹም አይሰካ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሲበራ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ቤት ውስጥ ናሱና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ዩፒኤሱ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ወደ ባትሪ ይገባል፣ ባትሪውም በአንድ ዓመት ያልቃል። ሦስት ነገር የተሰካበት ዲቫይደርም ያው ነው፤ ዩፒኤሱ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። ጄኔሬተር ባለው ሕንፃ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለችውን ክፍተት ዩፒኤሱ ይሸፍናል፤ ጄኔሬተሩ ከተነሣም በኋላ ደጋግሞ ከጮኸ የጄኔሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ከ50 ኸርዝ እየራቀ ሊሆን ይችላል።

«መብራት ሲመጣ ራስህ ተነሣ» የሚል ምርጫ አለ። ዩፒኤስ ካለ ያብሩት። ከሌለ ያጥፉት፤ መብራት ሲመለስ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም የማለት ልማድ ስላለው ናሱ እየተነሣ ደጋግሞ ይመታል። በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ የመዳብ ስልክ መስመር ወይም የውጭ አንቴና ገመድ በራውተሩ በኩል መብረቅ ሊያስገባ ይችላል፤ ዩፒኤስ ይህን መንገድ አይዘጋም። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

አተካከሉ እንዴት ነው?

ዲስኮቹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ሲጫን ይጠፋል፤ አሮጌ ዲስክ የሚያስገቡ ከሆነ ቀድመው ይገልብጡ። ዲስኮቹን ያስገቡ፣ ኬብሉን ከራውተሩ ጋር ያያይዙ፣ ያብሩ፣ ድምፅ እስኪያሰማ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በራውተሩ ገጽ ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለው ዝርዝር ውስጥ አድራሻው ይታያል፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ያን በኮምፒውተር ብራውዘር ሲጽፉ የመጫኛው ገጽ ይከፈታል፣ ሬይድ 1ን መርጠው ያስጀምሩ። አድራሻው መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይቀየር እዚያው ራውተር ላይ ለናሱ ያስይዙት። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ጠፋ» የሚባለው አቤቱታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ከዚያ ተጠቃሚ ይፍጠሩ። «አድሚን» የሚለውን የፋብሪካ ስም በሌላ ተክተው ይዝጉት፤ ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚያንኳኩት እሱን ነው። ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው የራሱ ስምና ፓስወርድ ይኑረው፤ ልጆች የቤተሰብ ፎቶውን እንዲያዩ እንጂ እንዳይሰርዙ ማድረግ ይቻላል። ፓስወርድ የሌለው ክፍት ፎልደር አይሥሩ፤ አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞችም አብዛኞቹ አይከፍቱትም። በዊንዶውስ ፎልደር መስኮት አናት ላይ \\192.168.1.50 ሲጻፍ ስምና ፓስወርድ ጠይቆ ይገባል።

ፍጥነቱን ኬብሉና ራውተሩ ይወስናሉ። ጊጋቢት መሰኪያ በሴኮንድ ወደ 110 ሜጋባይት ያሳልፋል፣ ባለ 100 ሜጋቢቱ ግን 11 ብቻ፤ ያ ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው ሥራ በዚህኛው ከአንድ ቀን በላይ ይሆናል። ራውተሩ የቆየ ከሆነ ርካሽ ባለ ጊጋቢት ስዊች ገዝቶ ናሱንና ኮምፒውተሩን እዚያ ላይ ማያያዝ ነው። ኬብሉ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን። ካት 5ኢም ሆኖ ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱ ብቻ ከተገናኙ ፍጥነቱ ወደ 100 ይወርዳል።

ሰዓቱን ሲሞሉ የአዲስ አበባን ወይም የናይሮቢን ቀጠና ይምረጡ። ናሱ የሚቆጥረው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነውና ባክአፕ በ02:00 እንዲጀምር ብለው ከሞሉ የሚጀምረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የፈለገ ሰው 20:00 ይጻፍ።

ፋይሉን በአማርኛ መሰየም ይቻላል?

ይቻላል፣ ልኩን ማወቅ ግን ደግ ነው። አንድ የፋይል ስም የሚፈቀድለት 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ለእኛ ጣሪያው 85 ፊደል ነው። የተመሰጠረ ፎልደር በሚሠሩ፣ ሲኖሎጂ የተባለው የናስ አምራች አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ልኩ ወደ 143 ባይት ይወርዳል፣ ማለትም 47 ፊደል። ስሙ እንደ ደብዳቤ ጉዳይ የረዘመ ፋይል መሃል ላይ «አልገለበጠም» የሚለው በዚህ ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ያምታታል። «2017-05» የሚል ፎልደር ጥር 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጆቹ ሜይ 2017? በመካከላቸው ወደ ስምንት ዓመት አለ። ካሜራና ስልክ በፎቶው ውስጥ የሚጽፉት የፈረንጁን ነውና ቁጥሩን በዚያው ያድርጉት፣ የበዓሉን ወይም የሰርጉን ስም በአማርኛ ያስከትሉ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ካሉ ደግሞ የፎንቶቹን ፋይል አብረው ያስቀምጡ፤ ያለ ፎንቱ ጽሑፉ የላቲን ምልክት ክምር ነው።

ሌላው ቅጂ የት ይቀመጥ?

በባለሙያዎች ዘንድ 3-2-1 የሚባል ልማድ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለአንድ ቤት በተግባር እንዲህ ይሆናል። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይገዛል። አንዱ በናሱ ዩኤስቢ መሰኪያ ላይ ሆኖ በየሌሊቱ ቅጂ ይቀበላል፣ ሌላው ሳሪስ ያለች እህት ቤት ተቀምጧል። በወር አንዴ ይለዋወጣሉ። ቤቱ ካዛንቺስ ሆኖ ሁለተኛው ዲስክ እዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ከሌባም ከእሳትም አያድንም። በታክሲ የሚመላለሰው ዲስክ በፓስወርድ የተመሰጠረ ይሁን፤ ፓስወርዱም ወረቀት ላይ ተጽፎ ከዲስኩ የተለየ ቦታ ይቀመጥ። ናሱ ላይ ብቻ የተጻፈ የምስጢር ቁልፍ ናሱ በተሰረቀ ቀን አይገኝም።

«ስናፕሾት» የሚባል አገልግሎት ያለው ሳጥን ከሆነ ያብሩት። የፎልደሩን የዛሬ መልክ ይዞ ያቆያል፤ ነገ ፋይል ቢሰረዝ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ቦታ የሚይዘው የተለወጠውን ያህል ብቻ ነው። የሚኖረው ግን እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ የኤክስተርናሉን ሥራ አይተካም።

በሦስት ወር አንዴ ከባክአፑ ላይ አሥር ያህል ፋይል አውጥተው ይክፈቱ። «ተሳክቷል» የሚል መልእክት በየሌሊቱ እየላከ ባዶ ፎልደር ሲገለብጥ የከረመ ባክአፕ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ከቤት ውጭ ሆኖ መክፈትስ?

ቀላሉ መንገድ ራውተሩ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ናሱን ለኢንተርኔት ማጋለጥ ነው፤ መደረግ የሌለበትም እሱ ነው። በሰኔ 2021 (በፈረንጆቹ) በይነመረብ ላይ የነበሩ የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» ሳጥኖች ባለቤቶቻቸው ሳያዙ ከሩቅ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ተመልሰው ፋይላቸው ጠፋ፤ የመሣሪያው የመጨረሻ አፕዴት የ2015 ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ኪውሎከር፣ በጥር 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባሉት ቫይረሶች የኪውናፕ ሳጥኖችን እየቆለፉ በቢትኮይን ማስለቀቂያ ገንዘብ ጠይቀዋል።

የሚሻለው ቪፒኤን ነው፤ ዋየርጋርድ ወይም ቴይልስኬል። ስልክዎ ከውጭ ሆኖ ቤት ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፣ ለሌላው ዓለም ናሱ አይታይም። የራውተሩ ገጽ ላይ የውጭ አድራሻው በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር ከጀመረ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ዋየርጋርድ ብቻውን ያስቸግራል፣ ቴይልስኬል ግን ይሠራል። ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የሚለውን ምርጫ ያጥፉ፤ ናሱ ሳይጠየቅ በር እንዳይከፍት።

ቀይ መብራት ሲበራ ምን ይደረግ?

ዲስኮች ብዙውን ጊዜ ከመሞታቸው በፊት ያቃስታሉ። «ስማርት» የሚባለው የጤና መዝገብ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የተተኩ ሴክተሮችና (ሴክተር የዲስኩ ትንሽ የመጻፊያ ክፍል ነው) መነበብ ያቃታቸው ሴክተሮች። ዜሮ ከነበሩበት ተነሥተው በየሳምንቱ ከጨመሩ ዲስኩ እየሄደ ነው። የሲአርሲ ስህተት (ዳታ በገመዱ ሲተላለፍ የሚፈጠር ስህተት) ብቻ ከጨመረ ዲስኩ ደኅና ሆኖ አቀማመጡ ወይም ገመዱ ላልቷል። ሙቀቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ማራገቢያው ላይ የተከመረውን አቧራ ናሱን አጥፍተው በብሩሽ ያውጡ። አጭር ምርመራ በሳምንት፣ ረጅሙ በወር፣ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መሆናቸውን የሚያመሳክረው «ስክረብ»ም በወር አንዴ እንዲሮጥ ይሞላል።

ናሱ ጮኾ ቀይ ካበራ አያጥፉት፣ ዲስክም አይንቀሉ። በቅድሚያ ቀሪው ዲስክ ላይ ያለውን ወደ ኤክስተርናል ይገልብጡ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን የተገዙ መንትዮች ስለሆኑ ሁለተኛው ሩቅ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ የሞተውን በመለያ ቁጥሩ ይለዩ። ጤነኛውን በስህተት መንቀል ከዲስኩ ሞት የባሰ አደጋ ነው። ተተኪው መጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ ሲኤምአር ይሁን። 4 ቴራባይት እንደገና ተገልብጦ እስኪያልቅ በጥሩ ሁኔታ ሰባት ስምንት ሰዓት፣ ናሱ በሥራ ላይ ከሆነም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚያ መሃል መብራት እንዳይሄድ ዩፒኤሱ መሞላቱን አስቀድመው ይዩ።

የዩፒኤስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። በሦስት ወር አንዴ ሶኬቱን በእጅ ነቅለው ናሱ በተባለው ደቂቃ መዘጋቱን ይመልከቱ።

ሳጥኑ ራሱ ቢሞትስ?

ዲስኮቹ ደኅና ከሆኑ ፋይሉም አለ። ከተመሳሳይ አምራች ሌላ ሳጥን ተገኝቶ ዲስኮቹ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ከገቡ ብዙውን ጊዜ እንዳሉ ይነሣሉ፤ ለዚህም ሲባል ከመንቀልዎ በፊት 1 እና 2 ብለው በማርከር ይጻፉባቸው። ሳጥኑ እስኪገኝ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ዲስኩን በኮምፒውተር ሊያነበው ይችላል፤ አብዛኞቹ ናሶች የሚጠቀሙት የሊኑክስን አጻጻፍ ነው። ዊንዶውስ ግን ያንን አጻጻፍ አያውቀውም። ዲስኩን ሲሰኩለት «ይህ ዲስክ መጠቀም እንዲቻል ፎርማት መደረግ አለበት፤ ላድርገው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። «አይ» ብለው ይንቀሉት።